ደጅ ያመሹት ነጫጭ አይጦች

2003 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዬ ስድሳ ሁለት ነበር፤ ይህ በእናቴ ቁጥር ነው፣ አባቴ ከዚያ ያንሳል ይል ነበር። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ባለች አንዲት ግቢ ዘበኛ ነበርሁ። ግቢዋ ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንደኛዋ እኔና ባለቤቴ የምንኖርባት ጭቃ ቤት ናት። ሁለተኛው በብሎኬት የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ በሩም መስኮቱም በጥብቅ ወንፊት የተሸፈነ የአይጥ ቤት ነው።

የአይጥ ቤት ስል መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ያኔም ያልሳቀ አልነበረም። በእኛ አገር አይጥ ጠላት ነው። ሰሊጥ መጋዘን ከገባ ወዲህ ሰው ከሌባ ይልቅ አይጥን ይፈራል። አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ የአንድ ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ ወሎዬ ነው፣ አፉ አያርፍም።

«አንተ ሰውየ» ይለኛል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እኔን አይጥ ስገድል ይከፍሉኛል፣ አንተን አይጥ ስትቀልብ ይከፍሉሃል። ከሁለት አንዳችን ተሳስተናል።»

«ደመወዙ እስከመጣ ድረስ ማንም አልተሳሳተም» እለዋለሁ።

አይጦቹን ያመጣቻቸው ከጎንደር የመጣች ተመራማሪ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አይሞላም፣ ቀጭን ናት፣ ስትሄድ ትሮጣለች። የመጣችው ስለ ካላዛር ነው። ይህን በሽታ የቆላ ሰው ያውቀዋል። ከደጋ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ ሲመሽ ግራር ሥር በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ይተኛል። የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ትነክሰዋለች። ከዚያ ትኩሳቱ ይመጣል፤ ይሄዳል ሲሉት አይሄድም። ሰውነቱ እንደ ጭራሮ ይደርቃል፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል ይገፋል። ጣፊያው አብጦ ነው። እኔንም ደርግ በወደቀ በዓመቱ ግድም ይዞኝ ነበር። መርፌውን በየቀኑ ነበር የሚወጉኝ፤ መቀመጫዬ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከእኔ ጋር ከተኙት ውስጥ ወደ አገራቸው ያልተመለሱ አሉ። ስለዚህ ልጅቱ ለዚህ በሽታ ክትባት ትሞክራለች ሲሉኝ አልሳቅሁም።

«አባባ፣ አይጥ ይፈራሉ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

«አይጥ እኔን ይፍራኝ እንጂ!» አልኋት። በዚያው ተቀጠርሁ።

ሥራዬ ማብላት፣ ማጠጣት፣ የሣጥናቸውን ገለባ መቀየር ነው። አይጦቹ እንደ ጥጥ የነጡ፣ ዓይናቸው ቀይ፣ እጅ ላይ ሲወጡ የሚሞቁ ናቸው። ሣጥናቸው ሦስት ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቶሎ ማንበብ አይሆንልኝም፤ ይህን አይታ በየሣጥኑ የጨርቅ ቁራጭ አሰረችልኝ። ቀይ ጨርቅ ያለበት በስብ ውስጥ የተደረገውን ክትባት ይወስዳል። ቢጫ ያለበት ባዶውን ስብ ብቻ ይወስዳል። በኋላ ሁለቱም በሽታውን ይወጋሉ። ነጭ ጨርቅ ያለበት ሣጥን ግን ምንም አይነካም፤ ክትባትም በሽታም የለበትም፣ ዝም ብሎ ይበላል።

በስብ ውስጥ ያለ ክትባት ማለት ምን እንደሆነ አልገባ ብሎኝ ተከራከርኋት። ወደ ቤታችን ገባች፣ የባለቤቴን የሰሊጥ ዘይት አነሣች፣ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ጠብ አድርጋ አፉን በመዳፏ ከድና ናጠችው።

«አዩት አባባ? ዘይቱ ትንንሽ ኳስ ሆነ። የእኛ ስብ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፣ በዓይን አይታይም። እንደ ከረጢት ውስጡ ክፍት ነው። እዚያ ውስጥ ከሞተው የበሽታው ተውሳክ ቁራጭ እናስገባለን። ሰውነት ከረጢቱን ሲውጠው ቁራጩንም ያገኘዋል፣ ጠላቱን ይለየዋል። እውነተኛው ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይቆየዋል።»

«ጥጃ መራራ መድኃኒት አልውጥ ሲል በሞራ ጠቅልለን እንደምንሰጠው?»

ትንሽ አሰበችና «የእኛ በመርፌ ነው፤ ግን ይቀራረባል» አለችኝ።

ባለቤቴ ከወዲያ፣ «ዘይቴን አፍስሳችሁ ጨረሳችሁት! ትምህርት ከሆነ ትምህርት ቤት ሂዱ» አለች።

የባዶው ስብ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። «እነዚህን ምስኪኖች ለምን ታታልያቸዋለሽ? ለሁሉም ክትባቱን ስጫቸው» አልኋት። «ሁሉንም ከከተብሁማ ከማን ጋር አመሳክራለሁ? ምናልባት ያዳናቸው ስቡ ብቻ ቢሆንስ?» አለች። ሁለት ቀን አኮረፍኋት። በኋላ ግን ባለሀብቶቹ አዲስ የሰሊጥ መድኃኒት ሲመጣላቸው አንድ ሁለት ትልም ሳይረጩ እንደሚተዉ ትዝ አለኝ፤ ያልተረጨው ከሌለ የተረጨው መዳኑ በምን ይታወቃል። ገባኝ። ግን ገባኝ ብዬ አልነገርኋትም።

ክትባቱ በጥር ተሰጠ። ከጤና ጣቢያው በሽተኛ ከተወሰደው ተውሳክ ደግሞ በመጋቢት ቀዮቹና ቢጫዎቹ ተወጉ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ለእኔም ለባለቤቴም አጥብቃ የነገረችን አንድ ነገር ነበር፦ አይጦቹ ከወንፊቱ ውጭ እንዳይወጡ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መግቢያ የአሸዋ ዝንብ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ውጭ ያለችው ዝንብ ከነከሰቻቸው ሙከራው ሁሉ ይደባለቃል።

ከፋሲካ በኋላ ልጅቱ ለሥራዋ ጎንደር ወጣች። እኔን ደግሞ ሳንጃ ለቅሶ ጠራኝ፤ የአጎቴ ልጅ ነው የሞተው፣ የማይቀር ነው። ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጥቼ ሄድሁ። እሷ ከእኔ ይልቅ ለአይጦቹ ታስብላቸው ነበር፤ ጭራሽ ለአንዳንዶቹ ስም ሳታወጣላቸው አልቀረችም።

ስመለስ ቀትር ነው፣ ምድሪቱ እሳት ናት። ባለቤቴ የአይጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ያን ጊዜ ጥላ ውስጥ መሆን ሲገባት ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጠችው። አንድ ነገር እንዳለ ያኔ አወቅሁ።

«ሞቱ?» አልኋት።

«አልሞቱም። አውጥቻቸው ነበር።»

«ወዴት አውጥተሻቸው?»

«ደጅ ነዋ! ወዴት አወጣቸዋለሁ፣ ሱዳን ተሻግሬ ጋላባት?»

ከዚያ ነገረችኝ። መብራቱ ሁለት ቀን ጠፍቷል። የአይጥ ቤቱን ማራገቢያ የሚያዞረው ጄኔሬተር ተንተፋተፈና ጸጥ አለ። መካኒክ ብታስፈልግ ሁሉም እርሻ ወርዷል። አመሻሽ ላይ ስትገባ አይጦቹ ሆዳቸውን አስጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ውኃ ብትረጭባቸውም አልነቃ አሉ።

«እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «በዚህ ወር ማን ነው ቤት ውስጥ የሚያድር? አገሩ ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ደጅ ይተኛል። ሰው የማያድርበት ቆርቆሮ ሥር ነፍስ ያለው ነገር ዘግቼበት ልግደል? ሦስቱንም ሣጥን ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር አወጣኋቸው። ነጠላዬን ድርብ አድርጌ ሸፈንኋቸው። እንደ ሰው ተነሡ፣ መብላት ጀመሩ። ቆይቶ ሃቡቡ መጣ፤ አቧራው ዓይን አላስገልጥ ሲል ሰብስቤ መለስኋቸው። ማግሥቱን መካኒኩ መጣና ሠራው።»

«አንድም አልሞተም?»

«አንድም።»

«እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።»

«አንተ ብትሆንማ ከነሣጥናቸው ረስተሃቸው ትተኛ ነበር» አለች። ግን አልሳቀችም።

ያ ወሎዬ በአጥሩ ላይ ሁሉንም ሲሰማ ኖሯል። «እኔ የምላችሁ» አለ፣ «ከሦስታችን በቀር ያየ የለም። እናንተ ዝም ካላችሁ አይጥ አይናገርም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ለአፍታ ያንኑ አስቤ ነበር። ባለቤቴ ናት ብድግ ያለችው። «ልጅቱ ይህን አምና ነገ ሰው ትወጋበታለች! የሰው ልጅ የሚወጋበትን ነገር በእኔ ነጠላ ሥር ልደብቀው? አንተ ደግሞ ሰሊጥህን ጠብቅ!»

ልጅቱ ከጎንደር እስክትመጣ ድረስ ጠበቅን። ከመኪና ወርዳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ባለቤቴ ፊቷ ቆማ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ እኔን አላስተነፍስ አለችኝ። ልጅቱ ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ እኔም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ብቻ ትጠይቃለች።

«እማማ፣ ሲወጡ ፀሐይ ገብታ ነበር?»

«ገብታ ነበር።»

«ነፋስ ነበር?»

«ከመጀመሪያውም ነፋስ ነበር፤ በኋላ ጭራሽ ሃቡብ ሆነ።»

ከዚያ ለእኔም እንዲገባኝ አድርጋ ተናገረች። አይጦቹ በዝንብ ተነክሰው ከሆነ፣ በሆዳቸው ያለው በሽታ እሷ የሰጠቻቸው ይሁን ውጭ ያገኛቸው አይለይም። ክትባቱ ሠራ ማለትም አልሠራም ማለትም አይቻልም። እንደገና ልጀምር ብትል የተሰጣት ጊዜ በክረምቱ ያልቃል፣ ቤቱም ይዘጋል። የሁለት ዓመት ሥራዋ ነው።

በመካከሉ ቀና አለች። «ነጭ ጨርቅ ያለበት ሣጥንስ? እሱም ወጥቶ ነበር?»

«ሦስቱም ጎን ለጎን፣ በአንድ ነጠላ ሥር» አለች ባለቤቴ።

«እንግዲያው እነሱ ይነግሩናል። እነሱን ማንም በሽታ አልወጋቸውም። ከተነከሱ እነሱም ላይ ይገኛል። ንጹሕ ከሆኑ ግን ዝንቧ አልደረሰችባቸውም ማለት ነው።»

«አሁኑኑ እያቸዋ!» አልሁ እኔ።

«አሁን አይታይም አባባ። ተውሳኩ ቢኖር እንኳ እስኪራባ ጊዜ ይፈልጋል። ሰኔ መግቢያ ላይ የሁሉንም ሆድ ከፍቼ አያለሁ።»

በማግሥቱ ባለቤቴ ልብሷን በኩርቱ ፌስታል ከተተች። እህቷ ሽንፋ ናት ያለችው።

«የት ነው?» አልኋት።

«ሽንፋ። ነገሩ እስኪለይ ድረስ ይህን ግቢ አልረግጥም። ያች ልጅ ጧት ጧት እኔን እያየች ዝም ስትል አልችለውም።»

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። እሱ ነው እኮ የከፋው!»

እኔ ግትር ነኝ ይሉኛል፤ እሷን አላዩም። ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አልገፋ አለ። ራሴ የሠራሁትን ወጥ ራሴው አልበላ አልሁ። ወሎዬው «ሚስትህን አይጥ በላብህ» እያለ ይስቅብኛል፤ ግን ማታ ማታ ከቤቱ ሳህን ከድኖ በአጥሩ ላይ ያቀብለኝ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ነውር ነው። እህቷ ቤት ስልክ የለም። ባለቤቴ ከሽንፋ በሚመጣው አይሱዙ ሹፌር በኩል የምትልክብኝ ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ነጮቹ እንዴት ናቸው?» እኔም «ይበላሉ» እላለሁ። ጤናዬን አልጠየቀችኝም፣ እኔም ጤናዋን አልጠየቅሁም፤ በአይጦቹ በኩል ተጠያየቅን።

ጧት ጧት ነጭ ጨርቅ ካለበት ሣጥን አንዱን አነሣና ግራ ጎኑን በጣቴ ዳሰስ አደርገዋለሁ። የእኔ ሆድ አብጦ በነበረበት ጊዜ ሐኪሙ እንዲያ ነበር የሚዳስሰኝ። ምንም አላውቅም፤ የአይጥ ሆድ ሁሉም ለስላሳ ነው። ቢሆንም ዳሰስሁ። ልጅቱ አንድ ቀን ደርሳብኝ «ምን አገኙ አባባ?» አለችኝ። «ሆድ» አልኋት። ከዚያ ሁሉ ሳምንት የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ አንዴ ሁለቴ መጣል ጀምሮ፣ ጥቁሩ አፈር እግር መያዝ ጀምሯል። አንድ ቀን ጧት ልጅቱ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ «ዛሬ ነው፤ ይግቡ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ስትሠራ አስገብታኝ አታውቅም።

መጀመሪያ በመድኃኒት ታስተኛቸዋለች፤ አይሰማቸውም። እንደዚያም ሆኖ ፊቴን አዞርሁ፤ ያሳደግኋቸው ናቸው። የጀመረችው ከነጩ ሣጥን ነው። ከአይጧ ግራ ጎን ጣፊያዋን አወጣች፤ የክብሪት እንጨት ግማሽ የምታህል ቀይ ቁራጭ ናት። መስተዋት ላይ አትማ፣ ቀለም ነክራ፣ አድርቃ፣ ከማጉያ መነጽሯ ሥር አስገባችው። ከዚያ ጎንበስ አለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና መስተዋቱን ቀስ፣ ቀስ እያደረገች ትገፋዋለች። ብዙ ቆየች። ሚካኤልን ለመንሁት፤ ለአይጥ ተብሎ ይሰማኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ለሚስቴ ብዬ ነው ያልሁት።

«ይህች ንጹሕ ናት» አለች ቀና ሳትል።

ሁለተኛዋን አየች። «ይህችም።»

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ እያንዳንዱን እጠብቃለሁ። ንጹሕ ባለች ቁጥር ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል ሰሊጥ የሚወርድ ይመስለኛል። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ አየች፤ አውጥታ ጠርጋ እንደገና አየች።

«ምነው?» አልኋት። «ምነው ልጄ?»

«ምንም። ደስ ስላለኝ ነው ደግሜ ያየሁት።»

«አንች ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው!» ብዬ ጮህሁባት። ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ በካፖርቷ እጅጌ ጠረገችው።

ለምን እንዳልተነከሱ ጠየቅኋት። የአሸዋ ዝንብ ደካማ ናት፣ ነፋስ ካለ መብረር አይሆንላትም አለች። ምናልባት ነፋሱ ነው፣ ምናልባት የነጠላው ድርብ፣ ምናልባት ዕድል። «በእርግጥ ይህ ነው አልልም» አለች። እኔ ግን ሃቡብን ስረግመው የኖርሁ ሰው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን ሲሞላው እንኳ አልረግመውም።

ከሰዓት በኋላ ቢጫዎቹንና ቀዮቹን ከፈተች። ጣፊያዎቹን በነጭ ወረቀት ላይ በሁለት ረድፍ ደረደረቻቸው። ይህን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም ነበር። የቢጫዎቹ ባቄላ የሚያህል፣ ያበጠ፣ የጠቆረ ነው። ያን እብጠት አውቀዋለሁ፤ በራሴ ሆድ ተሸክሜዋለሁ። የቀዮቹ ግን ቀጭን ነው፣ ከጤነኞቹ እምብዛም አይለይም። አንዲቷ ብቻ ክትባቱን ወስዳም አብጣለች። ልጅቱ እሷንም አልደበቀቻትም፤ እኩል ከእህቶቿ ጋር ደረደረቻት።

«ሠርቷል ማለት ነው?» አልኋት።

«በእነዚህ አይጦች ላይ ሠርቷል። አባባ፣ አይጥ ዳነ ማለት ሰው ዳነ ማለት አይደለም። ገና ስንት ነገር አለ።»

እውነቷን ነው። ይህን እስከምጽፍ ድረስ የካላዛር ክትባት ለሰው መጣ ሲባል አልሰማሁም። ያኔ ግን ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ወደ ደጅ ወጥቼ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ወሎዬው አንገቱን አስግጎ ፊቴን አየና ዛሬስ አልቀለደም፤ «እሰይ» ብቻ አለ።

ልጅቱ ተከትላኝ ወጣች። «ለእማማ በሹፌሩ በኩል ይላኩላቸው እንጂ፤ ይጨነቃሉ» አለችኝ።

«ይህ በሹፌር የሚላክ ቃል አይደለም» አልኋት።

ማታውን ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ ጧት የሽንፋ መንገድ ጨቅይቶ መኪና አይገባም አሉኝ። ወደ እርሻ የሚወርድ ትራክተር አገኘሁና ከናፍጣ በርሜሉ ጎን ተሳቢው ላይ ወጣሁ። ሽንፋ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ባለቤቴ እህቷ ደጅ ሆና ማሽላ ታበጥራለች። ስታየኝ ሰፌዱን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«ንጹሕ ናቸው» አልኋት ገና ከሩቅ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ቀዮቹስ?»

«ከአንዷ በቀር ጤነኛ ናቸው። ልጅቱም ትጠይቅሻለች፤ ‹እማማ ይምጡልኝ› ብላለች።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰችና፣ «አንዷ ምን ሆነች?» አለች።

«መንገድ ላይ እነግርሻለሁ፤ ትራክተሩ ሊመለስ ነው።»

«በዚህ ጭቃ ወደ ሰው ቤት ትገባለህ? እዚያው ቁም!» ብላ ውኃ አመጣችና እግሬን አስታጠበችኝ። ኩርቱ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወጣች፣ እህቷን ስማ ተሰናበተች። ባለትራክተሩ ጥሩምባውን ይነፋል። እሷን ደግፌ ተሳቢው ላይ አወጣኋት፣ በርሜሉ እንዳይነካት ወዲያ ገፋሁት፣ እኔም ተንጠልጥዬ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥሁ።